ስድስተኛ ፎቅ

ከለገሃር ሽቅብ የቸርችልን ዳገት፣
ትርሲትን አዝዬ ስወጣው በጠዋት፣
እግሯ እንደ መቀስ አልከፈት ብሎ፣
አንገቴ ላይ ክንዷ ከርሮ ተጠቅልሎ።
ሰባት ዓመቷ ነው። ጀርባዬ ያውቃታል፤
ሚዛን ሳያያት ኪሎዋን ይነግራታል።
ባለፈው በታክሲ ነበር የሄድነው፤
"ለሁለት ክፈል" አለ ረዳቱ፣ "ጋሪው ወንበር ያዘ እኮ፣ ሰው ነው!"

እትዬ አሰገደች የግቢያችን ሰው፣
"ዓይን ነው" ይሉኛል ድምፃቸውን ቀንሰው።
አማቴ ጠበል አለች። ወሰድናት። በረዳት።
ትርሲት አስነጠሳት፣ ሳቀች፣ ጉንፋን ያዛት።
እኔም፣ እውነት ላውራ፣ ጥፋተኛ ስሻ ኖርኩ፤
አንዳንዴ እናቷን።
(ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩ።)

ጥቁር አንበሳ፣ ሰማያዊው ፍራሽ ላይ፣
ሲስተር ወይንሸት ጉልበቷን አጥፋ ስትዘረጋ ሳይ፣
"ሥራዎ ምንድን ነው?"
"የቴሌ መስመር ነኝ።"
"እንግዲያ ለርስዎማ ማስረዳት አያቅተኝ!
ስትወለድ አየር አጠራት፣ ጥቂት ደቂቃ፤
ከአንጎሏ አንዱ ሥፍራ ተጎዳ፣ በቃ።
እርግማን አይደለም፤ ከሰው አይጋባም፤
ጉዳቱ እዚያው ነው፣ ዕለት ዕለት አይሰፋም።
እሷ ትደውላለች፤ እጇ ጋም ይጠራል፤
መሐል ላይ ግን መስመሩ ይንጫጫል።
'ፍታ' ስትለው 'ጨብጥ' ብሎ ይሰማል፤
'ቀስ' ስትለው ክንዷ ክንፍ አውጥቶ ይበራል።"

መስመርማ አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት
ከፒያሳ ሰንጋተራ ጉድጓድ ለጉድጓድ ገብቼበት፣
ዝናብ ያራሰውን፣ አይጥ የቀረጠፈውን፣
ስንቱን ሽቦ ገምጄ መለስኩት ድምፁን!
"የቱ ጋ ነው ታዲያ የተበጠሰው?" አልኳት፤
ትንሽ ነው የቀረኝ ፒንሳዬን ላወጣላት።
"አይቀጠልም" አለች፤ ጉልበቷን አጠፈች፤
"ግን በሌላ ዞሮ መንገድ ይፈልጋል፤ ይጠብቁት" አለች።
"ደግሞ" አለች ቀና ብላ፣ "ሁሉን ሰምታናለች፤
ስለሷ ስናወራ እሷም ትግባ እንጂ፣ አጠገባችን ነች።"

ትርሲት ዓይኖቿን ሽቅብ ሰቀለች፣ ጣሪያ ድረስ።
በቤታችን ቋንቋ "አዎ" ማለት ነው፣ ያለ ምላስ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከአናቷ በላይ
"ምስኪን፣ አይገባትም" ስንባባል፣ እሷው ፊት፣ እሷው ላይ፣
ያን ሁሉ ቃል የት አስቀምጣው ይሆን?

ስንመለስ ብሔራዊ አካባቢ ጉዳይ ነበረኝ፤
አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ፊርማ የቀረኝ።
ሊፍቱ ጢም ብሏል፤ ከረባት፣ ፌስታል፣ የሰው ሽቶ፤
የትርሲት ዓይን ቁልፎቹ ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ሌላውን ትቶ።
"አንቺ ትጫኚው?"
ዓይኗ ሽቅብ።

ክንዷ ተነሣ። ሄደ። ከመንገድ ወጣ።
የአንዱን መነጽር ገጨ። ተመልሶ መጣ።
ጡጫዋ ይፈታል፣ ጣት በጣት፣
እንደ ዛገ ብሎን፣ በስንት ልመና፣ በስንት።
"ልጫንላት?" አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።
"ተዋት!" አልኩ።
የገዛ እጄም ኪሴ ውስጥ ሲያሳክከኝ ነበርሳ።
ዝም ብዬ ቆጠርኩ፣ ስልኩ እየጠራ
ከወዲያ ማዶ ሰው እስኪያነሣ እንደሚጠብቅ ሰው፤
አንድ ጥሪ። ሁለት። አምስት። ዘጠኝ።

ጠቅ።

ስድስት ነው የበራው። አራት አልነበረም።
ባለ ከረባቱ ሰዓቱን አየ፤ ያረመን ግን የለም።
የትርሲት ሳቅ፣ እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረሰብን፣ ሊፍቱን ሞልቶ።
አራተኛን አለፍን። አምስተኛን አለፍን።
እዚያ ምንም ጉዳይ የሌለን ሰዎች፣ ከነፌስታላችን፣
ስድስተኛ ፎቅ ወጣን።